ካዝና ስትከቱ ስላይዱ በራሱ ሲዘጋ፦ ያሰጋል? ምን ይደረጋል?

ጥይት አልቆ የሽጉጡ ስላይድ (ከላይ ያለው፣ ስናቀባብል ወደ ኋላ የምንስበው ብረት) ወደ ኋላ ሄዶ ቆሟል። ባዶውን ካዝና ጣላችሁ፤ ሙሉውን ከታች ጠንከር አድርጋችሁ ገጭ አደረጋችሁት። እጃችሁ ገና ስላይዱ ጋ ሳይደርስ ሽጉጡ "ቻክ" ብሎ ተዘጋ። ስላይዱን ይዞ የሚያቆመውን ማገጃ አልነካችሁም። ስላይዱንም አልሳባችሁም። "ተበላሸ እንዴ? ሊባርቅብኝ ነበር?" ብላችሁ መደንገጣችሁ ያለ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ አልተበላሸም። ጣታችሁ ቃታው ላይ እስካልነበረ ድረስም ደህና ሽጉጥ በመዘጋቱ ብቻ አይባርቅም። ግን "ችግር የለውም" ብሎ ማለፍም አያዋጣም። ከተዘጋ በኋላ ጥይት ጎርሷል (ጥይት ከካዝናው ወጥቶ ከአፈሙዙ ኋላ ያለው መጉረሻ ውስጥ ገብቷል) ወይስ አልጎረሰም የሚለውን ከድምፁ መለየት አትችሉም። ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። ጎርሶ ሳለ ባዶ ነው ብሎ የሚዘናጋ አለ። ባዶ ሆኖ ሳለ ጎርሷል ብሎ የሚተማመንም አለ።

ይህን የምጽፈው በሕጋዊ መንገድ ሽጉጥ ለሚይዝ ሰው ነው። አሜሪካ ሬንጅ (የተኩስ መለማመጃ ቦታ) እየሄዳችሁ ለምትለማመዱ፣ ታጥቃችሁ በጥበቃ ለምትሠሩ፣ እስራኤል ውስጥ በጥበቃ ወይም በፖሊስ ላላችሁ። አሜሪካ ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በሥራ ቪዛ ያለ ሰው፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ በፌዴራል ሕግ መሣሪያም ጥይትም መያዝ አይችልም። ሬንጅ ላይ ተከራይቶ መተኮስም መያዝ ነው። ጓደኛ "ና እንተኩስ" ስላለ ብቻ ሄዶ የግሪን ካርድ ተስፋን ማበላሸት አለ። አገር ቤት ላላችሁም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መያዝ ወንጀል ነው።

ለምን በራሱ ይዘጋል?

ከስላይዱ በታች ጠንካራ ሞላ አለ። ሞላው ሁልጊዜ ስላይዱን ወደ ፊት መግፋት ይፈልጋል። የመጨረሻው ጥይት ሲወጣ በካዝናው ውስጥ ጥይቶቹን ከሥር የምትገፋው ሰሌዳ ወደ ላይ ትወጣና በሽጉጡ ጎን ያለውን ትንሽ ማገጃ ታነሳዋለች። ማገጃው ስላይዱ ላይ በተቆረጠች ጎድጓዳ ውስጥ ይገባል። ስላይዱ ወደ ኋላ እንደሄደ ይቀራል።

አሁን ባዶውን ካዝና ስታወጡት ማገጃውን ከሥር የሚደግፈው ሰሌዳ ሄደ። ታዲያ ምን ይዞታል? የሞላው ግፊት ነው። ስላይዱ ወደ ፊት እየገፋ ማገጃውን ጎድጓዳዋ ውስጥ ቆንጥጦ ይይዘዋል። ከዚያ ሌላ የያዘው ነገር ብዙም የለም። እንዲያውም ግሎክ የሚባለው ሽጉጥ ላይ የማገጃው የራሱ ትንሽ ሞላ የምትገፋው ወደ ታች ነው። ማለትም ማገጃው ለመውረድ ሰበብ ብቻ ነው የሚጠብቀው።

ሙሉውን ካዝና ከታች በኃይል ስትመቱት ሰበቡ ይመጣል። የሽጉጡ አካል በድንገት ወደ ላይ ይነጥራል። ማገጃው ግን ብረት ነውና ክብደት አለው፤ ባለበት መቅረት ይፈልጋል። አካሉ ወደ ላይ ሲሄድ እሱ ወደ ኋላ ይቀራል። በሽጉጡ ዓይን ሲታይ ማገጃው ወረደ ማለት ነው። በዚያው ቅጽበት ስላይዱም ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ቆንጥጦ የያዘው ግፊት ለአፍታ ይላላል። አውቶቡስ ቆሞ ሳለ በድንገት ሲነሳ ቆሞ የነበረ ተሳፋሪ ወደ ኋላ እንደሚንገዳገደው ነው። ማገጃው ከጎድጓዳዋ ከወጣ ስላይዱን የሚያስቆመው የለም።

ስለዚህ ሦስት ነገር ይወስነዋል። ምን ያህል በኃይል መታችሁ፣ በየትኛው ማዕዘን መታችሁ፣ የማገጃውና የጎድጓዳዋ ጠርዝ ምን ያህል ስለታም ነው። አፈሙዙን ትንሽ ወደ ላይ አቅንቶ በመዳፍ ሥር የሚመታ ሰው ላይ ይበዛል። አንዱ ሰው በያዘው ሽጉጥ ሁልጊዜ ይሆናል። ያንኑ ሽጉጥ ሌላ ሰው ሲይዘው አንድም ጊዜ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ኩባንያ ሽጉጥ ኤምኤንድፒ በዚህ ጠባዩ ስሙ በተኳሾች ዘንድ ይነሳል። ግሎክ፣ ሲግ እና ቤሬታ ላይም ይታያል።

ሌላው ነጥብ ጊዜው ነው። ስላይዱ ወደ ፊት ሲሮጥ ከካዝናው አናት ያለችውን ጥይት ገፍቶ መጉረሻው ውስጥ ማስገባት አለበት። ካዝናው ቦታው ከደረሰ በኋላ ከተለቀቀ ጥይቷን ይዞ ይሄዳል። ካዝናው የመጨረሻዋን ትንሽ ርቀት ሳይጨርስ ከተለቀቀ ግን ስላይዱ በጥይቷ ላይ ያልፋታል፤ ሽጉጡ ባዶውን ይዘጋል። ከውጭ ሲያዩት ሁለቱ አንድ ናቸው። ድምፁም አንድ ነው።

ታዲያ አደገኛ ነው?

ከዘመናዊ ሽጉጥ እንጀምር። ግሎክ ውስጥ መምቻ መርፌው ወደ ፊት እንዳይሄድ የሚዘጋው ቁልፍ አለ። ቁልፉ የሚነሳው ቃታው ሲሳብ ብቻ ነው። ኤምኤንድፒና ሌሎቹ አዳዲሶችም ተመሳሳይ ነገር አላቸው። ስላይዱ ቢዘጋ፣ ጥይት ቢጎርስ፣ ቃታ ካልተሳበ መርፌው ጥይቷ ጋ አይደርስም። ለነገሩ ስናቀባብል የሚሆነውም ይኸው ነው። ልዩነቱ አሁን እናንተ ሳትወስኑ መሆኑ ብቻ ነው።

የሚያስፈራው የእናንተ እጅ ነው። ካዝና በኃይል ስትከቱ ግራ እጅ ይመታል፤ ቀኝ እጅ ደግሞ ሽጉጡ እንዳይነጥር አጥብቆ ይጨብጣል። አንድ እጅ ሲጨብጥ የሌላው ጣቶችም አብረው ሊጨብጡ ይችላሉ። የሰው አካል እንዲህ ነው የተሠራው። በዚያ ላይ "ቻክ" ሲል ትደነግጣላችሁ፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ መዳፉን ይጨብጣል። በዚህ መሀል ጠቋሚ ጣት ቃታው ላይ ካለ ይባርቃል። ስለዚህ የመልሱ ግማሽ ከሽጉጡ ጋር ግንኙነት የለውም። ጣታችሁ ካዝና በምትቀይሩበት ጊዜ ሁሉ ከቃታው ቀለበት ውጭ፣ በሽጉጡ ጎን ላይ ቀጥ ብሎ ተኝቷል ወይ? አፈሙዙስ የት ነው የሚያየው?

አሜሪካዊው ጄፍ ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1976 በአሪዞና የተኩስ ትምህርት ቤት ከፍቶ ያስተማራቸው አራት ሕጎች ዛሬም በየሬንጁ ግድግዳ ላይ አሉ። መሣሪያ ሁሉ እንደጎረሰ ይቆጠር። ማጥፋት ወደማትፈልጉት ነገር አፈሙዝ አይዙር። ዒላማ ላይ እስኪያነጣጥሩ ጣት ከቃታ ይራቅ። ዒላማውንና ከኋላው ያለውን እወቁ። ስላይድ በራሱ ሲዘጋ እነዚህን የሚያከብር ሰው ላይ የሚደርሰው ድንጋጤ ብቻ ነው። ጣትን ማስወጣቱ በውድድርም ቀልድ የለውም። በአይፒኤስሲ (ዓለም አቀፍ የተኩስ ስፖርት ማኅበር) ውድድር ካዝና ሲቀይር ጣቱ ቃታ ቀለበት ውስጥ የተገኘ ተወዳዳሪ ከውድድሩ ይባረራል።

"እኔ ቃታውን ስቤ ይዤ ሳለሁ ቢዘጋስ?" የሚል ይኖራል። ጤነኛ ሽጉጥ ስላይዱ ሲንቀሳቀስ ቃታውን ከመተኮሻው የሚያላቅቅ ክፍል አለው። ቃታውን ለቃችሁ እንደገና እስክትስቡ አይተኩስም። ግን በድንጋጤ የተነሳ ጣት ለቆ መልሶ ለመሳብ ጊዜ አይፈጅበትም። በዚህ አትተማመኑ።

ማካሮቭና ሌሎች የቆዩ ሽጉጦች

አገር ቤት ብዙ ሰው የሚያውቀው ማካሮቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 በሶቪየት ኅብረት ለሠራዊቱ የተመረጠ፣ 8 ጥይት የሚይዝ ሽጉጥ። የማካሮቭ መምቻ መርፌ ሞላ የለውም፤ ልቅ ነው። የሚዘጋው ቁልፍም የለም። ስላይዱ በኃይል ሲዘጋ መርፌው በራሱ ፍጥነት ወደ ፊት ሄዶ የጥይቷን ቂጥ ይነካል። መርፌው ቀላል ስለሆነ በተለመደው ጥይት ነካ አድርጎ ይመለሳል እንጂ አያፈነዳም። ነገር ግን መርፌው የሚንሸራተትበት ቦታ በዝገት ወይም በደረቀ ግራሶ ከተሞላና ወደ ፊት እንደወጣ ከቀረ፣ ወይም በጥይቷ ቂጥ ላይ ያለው ተቀጣጣይ በደንብ ሳይገባ ጎብጦ ከወጣ፣ ስላይዱ ሲዘጋ ቃታ ሳይሳብ ሊባርቅ ይችላል። አልፎ አልፎ የሚሆን ነው፤ ግን የሚሆን ነው።

በድሮው አሠራር በተሠሩ፣ "1911" በሚባሉት የአሜሪካ ሽጉጦችም ላይ ሌላ ጉዳይ አለ። የመዶሻው መያዣ ካለቀ ወይም አላዋቂ ሰው ቃታውን "ለማለስለስ" ብሎ ከሞረደው፣ ስላይዱ ሲዘጋ መዶሻው ተከትሎ ሊወድቅ ይችላል። የቆየ፣ ታሪኩን የማታውቁት ሽጉጥ በራሱ የሚዘጋ ከሆነ መጀመሪያ ባለሙያ ይየው። ከዚያ በኋላ ነው ልምምዱ።

ያለ ጉርሻ የምትታጠቁ፣ ይህ ለእናንተ ነው

እስራኤል ውስጥ ጥበቃና ወታደር ሽጉጥን ሙሉ ካዝና ከትቶ፣ መጉረሻው ውስጥ ግን ጥይት ሳያስገባ መታጠቅ የቆየ ልማድ ነው። አስፈላጊ ሲሆን ይመዘዛል፣ ይቀባበላል፣ ይተኮሳል። ከማኅበረሰባችን በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ብዙ ናቸው። አሜሪካም እንዲህ የሚይዝ ሰው አለ።

አሁን አስቡት። ፈረቃ ልትገቡ ነው። ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ለማየት ስላይዱን ወደ ኋላ ስባችሁ አቆማችሁት። አያችሁ፤ ባዶ ነው። ስላይዱ እንደተከፈተ ካዝናውን ገጭ አደረጋችሁ። በራሱ ተዘጋ። እናንተ "ባዶ ነው፣ አይቼዋለሁ" ብላችሁ ወገባችሁ ላይ ሰካችሁት። ጥይት ጎርሶ ሊሆን ይችላል እኮ! ቀኑን ሙሉ ባዶ ነው ብላችሁ ከምታስቡት የጎረሰ ሽጉጥ ጋር ትውላላችሁ። ማታ ቤት ስትገቡ ካዝናውን አውጥታችሁ "ባዶ ነው" ብላችሁ ቃታ ትስባላችሁ።

መፍትሔው አንድ እርምጃ ማስቀደም ነው። ስላይዱን ከፍታችሁ ባዶነቱን አይታችሁ፣ በጣት ዳሳችሁ ካረጋገጣችሁ በኋላ፣ ካዝና ሳትከቱ ስላይዱን ዝጉት። ከዚያ ካዝናውን አስገቡ። ስላይዱ ቀድሞ ስለተዘጋ የሚሮጥበት ቦታ የለም። ጥይት ሊጎርስ አይችልም። ሽጉጥ ስትታጠቁም ሆነ ስትመልሱ በዚህ ቅደም ተከተል ሥሩ። በተዘጋ ስላይድ ላይ ሙሉ ካዝና ማስገባት ትንሽ ይከብዳል፤ የላይኛዋ ጥይት ወደ ታች መጫን አለባት። ካዝናው "ቀጭ" ብሎ መያዙን ወደ ታች ሳብ አድርጋችሁ አረጋግጡ። ጥብቅ ካለ አንድ ጥይት ቀንሳችሁ ሙሉ።

የእናንተ ሽጉጥ ይህን ያደርጋል? መፈተን

ይህን የምታደርጉት ባሩድ በሌለው የልምምድ ጥይት ነው። ብዙ የጠመንጃ ሱቅ ይሸጠዋል። እውነተኛ ጥይት ያለበት ክፍል ውስጥ አይሞከርም፤ አንዲትም ብትሆን ከክፍሉ ትውጣ። የአሜሪካ ቤት የውስጥ ግድግዳ ጂፕሰም ነው፤ የሽጉጥ ጥይት በቀላሉ ያልፈዋል። ስለዚህ አፈሙዙ የሚዞርበትን ግድግዳ "ከኋላው ማን ይተኛል?" ብላችሁ ምረጡ። ምድር ቤት ያላችሁ የኮንክሪቱን ግድግዳ ተጠቀሙ።

1. ካዝናውን አውጡ። ቀጥሎ ስላይዱን ደጋግማችሁ ሳቡ። ስላይዱን ከፍታችሁ መጉረሻውን ከኋላ በኩል በዓይን አይታችሁ በጣት ዳሱ። የካዝናውንም ጥይቶች አውጥታችሁ ወደ ሌላ ክፍል ውሰዱ።

2. ሁለት ሦስት ካዝና በልምምድ ጥይት ሙሉ። አንዱን እስከ አፉ፣ አንዱን በግማሽ።

3. ስላይዱን ወደ ኋላ ስባችሁ በማገጃው አቁሙት። አውራ ጣታችሁ ማገጃውን እንደማይነካ እዩ። ብዙ ሰው "በራሱ ተዘጋ" የሚለው በገዛ አውራ ጣቱ የተጫነውን ነው።

4. ካዝናውን በእርጋታ፣ ሳትመቱ ገፍታችሁ አስገቡ። ተዘጋ? አልተዘጋም? ቀጥሎ በተለመደው ኃይላችሁ። ቀጥሎ ጠንከር አድርጋችሁ።

5. በተዘጋ ቁጥር ካዝናውን አውጡና ስላይዱን ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ጥይት ወጣ? ወይስ ባዶ ነበር? መዝግቡት። ጥቂት ጊዜ ብቻ አድርጋችሁ አትተዉት፤ ውጤቱ ይለዋወጣል።

የልምምድ ጥይት ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ይቀላል። ቤት ውስጥ ያልታየው ሬንጅ ላይ በእውነተኛ ጥይት ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ቤት ስላልተዘጋ "የኔ አይዘጋም" ብላችሁ አትደምድሙ።

ውጤቱን ማንበብ ቀላል ነው። ጠንከር ሲባል ብቻ የሚዘጋ ከሆነ ጤነኛ ነው፤ ጠባዩ ነው። በተለመደው ኃይል አንዳንዴ የሚዘጋ ከሆነም ብዙ አያሳስብም፤ ግን እወቁት። በእርጋታ ስታስገቡት እንኳ የሚዘጋ ከሆነ፣ ወይም ስላይዱ ተከፍቶ ሳለ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡት የሚዘጋ ከሆነ፣ ያ ብልሽት ነው። ባዶ ካዝና ውስጡ እያለ የሚዘጋም እንዲሁ።

ብልሽት ሲሆን ከሚጠረጠሩት ዋናው የማገጃው ጠርዝ ነው። ተበልቶ ክብ ሆኖ እንደሆነ በብርሃን እዩት። ሁለተኛ የስላይዱ ጎድጓዳ ጠርዝ። ሦስተኛ፣ የማገጃው ትንሽ ሞላ ተሰብሮ ወይም ሲገጣጠም ቦታውን ስቶ ሊሆን ይችላል። ራሳችሁ ለማፅዳት ፈታታችሁት ከሆነ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ። ከፋብሪካው ውጭ የተገዙ ትልልቅ ማገጃዎችም አሉ። ለአውራ ጣት ይመቻሉ፤ ግን ክብደታቸው ስለሚጨምር ካዝናው ሲመታ በቀላሉ ይወርዳሉ። ካስገጠማችሁት በኋላ የጀመረ ነገር ከሆነ የፋብሪካውን መልሱት። እኔን ከጠየቃችሁኝ ለመታጠቂያ ሽጉጥ የፋብሪካ ዕቃ ይበቃል።

ካዝና ሲቀየር፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ቀኝ እጅ ለሚጠቀም ሰው ልጻፍ። ግራኞች ትገለብጡታላችሁ፤ ይቅርታ፣ ሽጉጥ ሠሪዎቹም ለዘመናት ረስተዋችኋል።

ስላይዱ ተከፍቶ ቀረ። መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው ጠቋሚ ጣት ነው። ከቃታው ወጥቶ ጎን ላይ ይተኛል። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። ክርናችሁን ወደ ጎናችሁ አቅርባችሁ ሽጉጡን ከአገጫችሁ ፊት ለፊት አምጡት። ወደ ሆዳችሁ አውርዳችሁ አትሥሩ፤ ዓይናችሁ ወደ መሬት ይሄዳል፣ አፈሙዙም ወደ ግራ ይዞራል። አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንደተመለከተ ይቆያል።

በቀኝ አውራ ጣት የካዝና ማውጫውን ተጫኑ። ካዝናው በራሱ ይውደቅ። በዚያው ጊዜ ግራ እጅ አዲሱን ይዟል። ጠቋሚ ጣታችሁ በካዝናው ፊት ተዘርግቶ ጫፉ የላይኛዋን ጥይት አፍንጫ ይንካ። ጣት ወዴት እንደሚያመላክት እጅ ያውቃል፤ ቀዳዳውን ሳትፈልጉ ታገኙታላችሁ። የካዝናውን ጀርባ ከቀዳዳው የኋላ ግድግዳ ጋር አገናኙና ወደ ላይ አንሸራትቱ። የመጨረሻውን በመዳፍ ሥር ግፉት።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚያበዛው። ካዝናውን በመዶሻ እንደሚመታ ሰው መቀጥቀጥ አያስፈልግም። ጠንካራ፣ አንድ ወጥ ግፊት ይበቃል። "ቀጭ" ሲል ይዟል። ደግሞ ፈርቶ አለዝቦ ማስገባትም ሌላ ችግር ነው፤ ሳይይዝ ቀርቶ መጀመሪያ ስትተኩሱ ካዝናው እግራችሁ ሥር ይወድቃል። በራሱ እንዳይዘጋ ብላችሁ አታለስልሱት። ካዝናው መያዙ ይቀድማል።

አሁን ግራ እጅ ከላይ ይመጣል። የስላይዱን ጀርባ በአራት ጣትና በመዳፍ ጨብጣችሁ ወደ ኋላ እስከ መጨረሻው ሳቡና ልቀቁት። እየደገፋችሁ አታድርሱት፤ ሞላው ሥራውን ይሥራ። ደግፋችሁ ከወሰዳችሁት በደንብ ሳይዘጋ ይቀራል።

ግራ እጃችሁ ሳይደርስ ተዘግቶ ቢጠብቃችሁስ? በዚህ ላይ ሁለት አስተያየት አለ። አንደኛው፣ "ተዘግቷል፣ ጎርሷል ብለህ ቀጥል፤ ካልተኮሰ ያኔ ታቀባብላለህ" የሚል ነው። ፈጣን ነው፤ በውድድር ሰዓት የሚቆጥሩ ሰዎች ይወዱታል። አንዳንዶቹ እንዲያውም ሆን ብለው በማዕዘን እየመቱ በራሱ እንዲዘጋ ያደርጉታል። ሁለተኛው፣ "ተዘጋም አልተዘጋም፣ ሁልጊዜ አቀባብል" የሚለው ነው። ጎርሶ ከነበረ አንድ ጥይት ዘሎ መሬት ይወድቃል። የሚከፈለው ይህቺው አንድ ጥይት ናት።

እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ፤ በተለይ ገና እየተማራችሁ ከሆነ። እጅ አንድ ነገር ብቻ ይልመድ፤ ካዝና፣ ማቀባበል፣ ዒላማ። "ተዘግቶ እንደሆነ ይህን፣ ካልሆነ ያንን" የሚል ምርጫ በድንጋጤ ሰዓት አይሠራም። በራሱ መዘጋቱን እንደ ችሎታ አድርጎ መለማመድ ደግሞ አልወድም። ከጊዜ ወደ ጊዜ ባዶውን ይዘጋል። ያኔ በሙሉ ልብ ቃታ ስትስቡ "ቅጭ" ብቻ ትሰማላችሁ። ያ ከገጠማችሁ መፍትሔው ያው ነው፤ የካዝናውን ቂጥ በመዳፍ መታ፣ ስላይዱን ሳብ አድርጎ መልቀቅ።

ሬንጅ ላይ ጊዜው ሲኖራችሁ ግን ከመተኮሳችሁ በፊት ማየት ትችላላችሁ። አዳዲስ ግሎኮች ላይ በስላይዱ ቀኝ ጎን ያለችው ቀለህ ጎታች (ቀለሁን ከመጉረሻው ስባ የምታወጣው ብረት) ሽጉጡ ሲጎርስ ትንሽ ወደ ውጭ ትወጣለች፤ በጣት ትዳሰሳለች። ኤምኤንድፒ ላይ ከመጉረሻው ጀርባ ቀለሁ የሚታይባት ቀዳዳ አለች። እነዚህ "ጎርሷል" ለማለት ይረዳሉ። "ባዶ ነው" ለማለት ግን በእነሱ ብቻ አትመኑ። ባዶነት የሚረጋገጠው ስላይዱን ከፍቶ በማየት ነው።

ባዶ ማድረግ፣ በተለይ በራሱ ከተዘጋ በኋላ

በየቤቱ አደጋ ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ ቅደም ተከተል መገልበጥ ነው። ሰውየው መጀመሪያ ስላይዱን ይስባል። የጎረሰችው ጥይት ትዘላለች። "ወጣች" ይላል። ስላይዱን ሲለቅ ግን ካዝናው ውስጡ ስለሆነ ሌላ ጥይት ይጎርሳል። ከዚያ ካዝናውን ያወጣል። በእጁ ካዝና የሌለው፣ ጥይት የዘለለበት፣ ግን የጎረሰ ሽጉጥ አለ።

ስለዚህ ካዝናው ይቀድማል። ካዝና ይውጣ፣ ኪስ ወይም ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ከዚያ ስላይዱ በኃይል ደጋግሞ ይሳብ። ከዚያ ስላይዱ በማገጃው ይቁም፤ መጉረሻው ውስጥ፣ የካዝናው ቀዳዳ ውስጥ በዓይን ይታይ፣ በትንሿ ጣት ይዳሰስ። መብራት በሌለበት ጣት ብቻውን ይበቃል። የዘለለችውን ጥይት ፈልጋችሁ አንሱ። ባለችበት ካላገኛችኋት መቁጠራችሁ አልተጠናቀቀም።

ለግሎክ ባለቤቶች ይህ የበለጠ ይመለከታል። ግሎክን ለማፅዳት ለመፍታት ቃታውን መሳብ ግዴታ ነው። ባዶ ነው ብሎ የተሳሳተ ሰው የሚተኩሰው በዚህ ሰዓት ነው። ኤምኤንድፒ ውስጥ ቃታ ሳይሳብ የሚፈታበት ትንሽ ማንሻ አለ፤ አሠራሩ ከሽጉጡ ጋር በሚመጣው መመሪያ ላይ በሥዕል ይታያል። የምትፈቱበት ክፍል ውስጥ ጥይት አይኑር። ልጆችም፣ ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤትም።

ወደ ባለሙያ ስትወስዱት

ባለሙያው ጋ ስትሄዱ "በራሱ ይዘጋል" ብቻ ብላችሁ አትስጡት። ስትፈትኑ የመዘገባችሁትን ንገሩት። በእርጋታ ሲገባ ነው ወይስ ሲመታ? በሁሉም ካዝና ነው ወይስ በአንዱ? በአንዱ ብቻ ከሆነ ችግሩ የካዝናው ሊሆን ይችላል። ከሥሩ የተጨመረ ማስረዘሚያ ያለው ካዝና ከልክ በላይ ወደ ላይ ገብቶ የውስጥ ክፍሎችን ይመታል። በተለይ 1911 ላይ ስላይዱ ተከፍቶ ሳለ ካዝና ከልክ በላይ ሲገባ ቀለህ ማስፈንጠሪያውን ሊጎዳ ይችላል።

ካዝናዎቹን በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ። የዋናው ሞላ መቼ እንደተቀየረ ካወቃችሁ ንገሩት። የቀየራችሁት ክፍል ካለ አትደብቁ፤ የፋብሪካውን አሮጌ ዕቃ ካልጣላችሁት አብራችሁ ውሰዱ። ሽጉጡ ባዶ ሆኖ፣ በሳጥኑ ተቆልፎ፣ ጥይቱ ለብቻው ይጓዝ። ሱቁ በር ላይ ስትደርሱም ከሳጥኑ ራሳችሁ አታውጡት፤ መሣሪያ እንደያዛችሁ ንገሩና እሱ በሚላችሁ ቦታ ክፈቱ። ከተጠገነ በኋላ በሚቀጥለው የሬንጅ ቀን የመጀመሪያዎቹን ካዝናዎች ሁለት ሁለት ጥይት ብቻ ጫኑና ያንኑ ፈተና በእርጋታ፣ በተለመደው ኃይል፣ ጠንከር አድርጋችሁ ድገሙት።